ከሸንኮራ እስከ ኮንክሪት፦ ማይንክራፍት ላይ ሳንቲም የማግኘት የሐምሌ ማስታወሻ

ሐምሌ 1

ካምፓስ ተዘግቶ ደሴ ከገባሁ ሳምንት ሆነኝ። ዝናቡ አላስወጣ ብሏል። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ይወርድና የጎረቤት ቆርቆሮ እንኳ አይታይም። ቤት ውስጥ ያለን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ዋይፋይ እና የ13 ዓመት ወንድሜ ነው። ወንድሜን እዚህ ትንሹ እያልኩ እጠራዋለሁ። ፊቱ ላይ እንዲህ ብዬ ብጠራው ያኮርፋል።

ሁለታችን ማይንክራፍትን፣ ሁሉ ነገር በብሎክ የሚቆፈርበትንና የሚገነባበትን ጌም፣ የምንጫወትበት ሰርቨር አውሮፓ ነው ያለው። ስሙ ይቅር። የራሱ ገንዘብ አለው። ሳንቲም እንበለው። የሰበሰብከውን ለሰርቨሩ ሱቅ በተቆረጠ ዋጋ ትሸጣለህ። ካልሆነም ጨረታ ላይ አውጥተህ ሌላ ተጫዋች እስኪገዛህ ትጠብቃለህ። ጨረታው 5 በመቶ ይቆርጣል። በአንድ ጊዜ ከ15 ዕቃ በላይ አታወጣም፤ ያወጣኸው 2 ቀን ይቆያል።

ዓላማዬ አንድ ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገባበት አደባባይ ዳር የሱቅ ቦታ ይሸጣል። ዋጋው 100,000 ሳንቲም ነው። እኔ ኪስ ያለው 1,200።

በምን ልሰብስበው? ቻት ላይ ብትጠይቅ ሁሉም በራሱ መንገድ ይምላል። አንዱ ዳይመንድ ቆፍር ይልሃል፣ አንዱ ፋርም ሥራ፣ አንዱ ዓሳ አጥምድ። ደብተር ይዞ የለካ ግን የለም። ስለዚህ የትንሹን ያልተነካ የሒሳብ ደብተር ወሰድኩ። ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ እጄ የሠራበት ሰዓት፣ የጠበቅኩበት ሰዓት፣ የገባ ሳንቲም።

የሰርቨሩ ሕግ ሦስት ነገር ላይ ጥብቅ ነው። 15 ደቂቃ ካልተንቀሳቀስክ ያስወጣሃል። በራሱ የሚጫን ፕሮግራም ከተጠቀምክ ትታገዳለህ። ሳንቲም በእውነተኛ ገንዘብ ከገዛህም እንደዚያው።

ሐምሌ 2

እንጨት። ሰርቨሩ ላይ ሥራ መቀጠር ይቻላል። እንጨት ቆራጭ ብለህ ትመዘገባለህ፣ በቆረጥከው ግንድ ልክ ይከፈልሃል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆረጥኩ። 1,840 ሳንቲም። ጣቴ ዛለ፣ ጫካው አለቀ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሐምሌ 4

ዳይመንድ። ይሄ የሁሉም ሰው ሕልም ነው። በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ የወጣው 1.18 የሚባለው የጌሙ እትም ዓለሙን ወደ ታች አሳድጎታል። ወለሉ አሁን ከዜሮ በታች 64 ላይ ነው። ዳይመንድ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ይበዛል። ሰው የሚመርጠው ከዜሮ በታች 59ን ነው፤ ከዚያ በታች የማይቆፈረው ድንጋይ ይጀምራል።

ቁመቱ ሁለት ብሎክ የሆነ ረጅም መተላለፊያ ቆፈርኩ። ከሱ ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ አወጣሁ። በ2 ሰዓት 17 ዳይመንድ። አንዱ በ90 ሲሸጥ 1,530 መጣ። መንገዴ ላይ ያገኘሁት ብረትና ወርቅ 640 ጨመረልኝ። በድምሩ 2,170፣ በሰዓት 1,085። ከእንጨት ቆራጭ ያነሰ! ስለ ዳይመንድ ያን ያህል ተወርቶ።

ችግሩ ዶማዬ ላይ ነው ብዬ አሰብኩ። ፎርቹን 3 የሚባል አስማት ያለበት ዶማ ከአንድ ድንጋይ እስከ 4 ዳይመንድ ያወጣል፤ አማካዩ 2.2 ነው። ጨረታ ላይ አንድ አገኘሁ፣ 4,000። ገዛሁት። ኪሴ ውስጥ 1,210 ቀረ። መነሻዬ ላይ ተመለስኩ ማለት ነው።

ሐምሌ 5

ይሄን በደንብ ልጻፈው፤ ደብተሩን የቀየረው ቀን ነው።

ከማታው 2 ሰዓት ከ20። አዲሱ ዶማ ጉድ ነው። በ1 ሰዓት ከ10 ውስጥ ቦርሳዬ ውስጥ 38 ዳይመንድ ገብቷል። ቅርንጫፉን ወደ ግራ ስቀጥል ግድግዳው ተከፈተና ላቫ ብቅ አለ። እዚያ ጥልቀት ላይ ዋሻው ሁሉ ላቫ ያዘለ ነው፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። ላቫ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ አንድ ብሎክ ለመሄድ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል። ድንጋይ አወጣሁ፣ ቀዳዳው ላይ ለጠፍኩ።

በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ።

ላፕቶፑ ባትሪ አለው። ዋይፋዩ የለውም። ስክሪኑ ላይ ድንጋዩ ተለጥፏል፣ እኔም ወደ ኋላ እየተራመድኩ ነው። የሚያሳዝነው ይሄንን የማውቀው እኔ ብቻ መሆኔ ነው። ሰርቨሩ ምንም አልደረሰውም። ግንኙነቱ እንደተቋረጠ እስኪገባው እስከ 30 ሰከንድ ድረስ ሰውዬህን ባለበት ገትሮ ያቆየዋል። ያንን ሁሉ ጊዜ የኔ ሰውዬ በተከፈተ ቀዳዳ ፊት ቆሞ ነበር።

በስልክ ዳታ መልሼ ስገባ ቻቱ ላይ በስሜ ተጽፎ አየሁት፦ ላቫ ውስጥ ለመዋኘት ሞከረ። ዳይመንድ ላቫ ውስጥ ይቃጠላል። ዶማውም፣ 38ቱም፣ ወፍ የለም።

ትንሹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እኔ ጮኼ ኖሮ እማዬ ኩራዝ ይዛ መጣች።

«ምን ሆነህ ነው? ሰው ሞተ?»

«ዶማዬ ተቃጠለ እማ።»

ትንሽ አየችኝ። «አብሽር የኔ ልጅ፣ ዶማ ይገዛል» አለችና ወጣች።

ደብተሬ ላይ አራተኛ ዓምድ አሰመርኩ። ርዕሱ፦ መብራት ቢሄድስ? ቻት ላይ ዳይመንድ ቆፍር ያለኝ ልጅ አገሩ የት እንደሆነ አላውቅም። ይሄ ዓምድ እንደማያስፈልገው ግን እርግጠኛ ነኝ።

ሐምሌ 7

ሰኞ። እማዬ ሳይነጋ ለገበያ ወጥታለች። እህል ነው የምትነግደው። ቤቱ ጸጥ ሲል ሸንኮራ ተከልኩ።

የሸንኮራ ነገር እንዲህ ነው። ሥሩ ውሃ መንካት አለበት። ስንዴ ቢሆን ውሃው 4 ብሎክ ርቆም ያጠጣዋል፤ ሸንኮራ ግን ካልተነካካ አይሆንለትም። ስለዚህ አንድ ረድፍ ቦይ፣ በግራና በቀኙ አንዳንድ ረድፍ ሸንኮራ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቦይ። ቁመቱ ከ3 አያልፍም። ከታች ያለውን ትተህ ሁለቱን ትቆርጣለህ፣ ከሥሩ መልሶ ያድጋል። አንድ ብሎክ ለማደግ በአማካይ 18 ደቂቃ ነው። አሸዋ ላይ ቶሎ ያድጋል የሚለው የቆየ ወሬ ነው፤ አፈርም አሸዋም ለሱ አንድ ነው።

320 ተከልኩ። ዘሩን ከወንዝ ዳር ለቅሜ፣ ቦዩን ቆፍሬ፣ 2 ሰዓት ሊሞላ 10 ደቂቃ ሲቀረው ጨረስኩ።

ሐምሌ 9

ሁለት ጊዜ አጨድኩ። አንዱ አጨዳ 640 ሸንኮራ ነው፤ በ3 ሳንቲም ሒሳብ 1,920። የሚገርመው አጨዳው 5 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። ሌላው ጊዜ መጠበቅ ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል። ጥበቃው ላይ አይጡን በየ10 ደቂቃው ነካ ማድረግ የትንሹ ሥራ ሆነ። የቀኑ ገቢ 3,840።

መብራት ቢሄድስ? ሸንኮራው አይሞትም፣ ግን አያድግምም። ተጫዋች በአቅራቢያው ከሌለ መሬቱ ራሱ ይተኛል። እኔ ጨለማ ውስጥ ስቀመጥ እርሻዬም አብሮኝ ቆመ ማለት ነው።

ሐምሌ 10

ዛሬ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ሸንኮራው ለማደግ የሚፈልገው እኔ ቅርብ መሆኔን ነው። ቅርበቱ የሚለካው ደግሞ ወደ ጎን ነው። ወደ ታች ስንት ብወርድ ግድ የለውም። ታዲያ ለምን አይጥ እየነካካሁ እቀመጣለሁ? ከእርሻዬ ሥር ቀጥ ብዬ ወረድኩና በተራ የብረት ዶማ ዳይመንድ መቆፈር ጀመርኩ። ላይ ሸንኮራ ያድጋል፣ ታች እኔ እቆፍራለሁ። ሦስት አጨዳ 5,760፣ 14 ዳይመንድ 1,260። በአንድ ቀን 7,020!

ማታ ቡና ላይ ለእማዬ በኩራት ነገርኳት። አቦሉን እየቀዳች ሰማችኝ። ምን እንደምል በደንብ የገባት አልመሰለኝም። «ሸንኮራ?» አለች። «ሸንኮራ ደግሞ ማን ይገዛሃል?»

«ሰርቨሩ ነዋ።»

«ምን ያደርግበታል?»

«ምንም።»

ዝም አለች። እኔም የዝምታዋ ነገር ያን ቀን አልገባኝም።

ሐምሌ 11

ገባኝ። አድሚኑ የሸንኮራን ዋጋ ከ3 ወደ 1 አወረደው። ማስታወቂያው አንድ መስመር ነው፦ በዝቷል። ብቆጣም ማን ይሰማኛል። እውነቱን ለመናገር ልክ ነው። ሱቁ ሸንኮራ የሚከፍልበትን ሳንቲም ከአየር ላይ ነው የሚፈጥረው፤ ሁሉም ሸንኮራ ከተከለ ሳንቲሙ ዋጋ ያጣል። እኔ ግን 320 ችግኝ ይዤ ቀረሁ።

ኪሴ ውስጥ 12,070 አለ።

ሐምሌ 12 እና 13

ዓሳ። ወሎ ዓሳ ሲባል ሐይቅ ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ልጅ ሆነን ሄደን ከዳር የጠበሱልንን ዓሳ እስካሁን አልረሳሁትም። የጌሙ ዓሳ ግን ለመብል አይደለም የሚፈለገው። አንዳንዴ መንጠቆው የአስማት መጽሐፍ ይዞ ይወጣል፣ ገንዘቡ እሱ ላይ ነው። ድሮ ሰው ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ አድርጎ ተኝቶ ያጠምድ ነበር። ከፈረንጆቹ 2020 ወዲህ ውድ ነገር የሚወጣው ክፍት ውሃ ላይ ብቻ ነው፦ ጎኑ 5 በ5፣ ከፍታው 4 ብሎክ ምንም የማይጋርደው።

የመጀመሪያው ቀን 2 ሰዓት፦ ዓሳው 900፣ አንድ መንዲንግ የሚባል መጽሐፍ ጨረታ ላይ 7,500፣ ከቆረጣው በኋላ 7,125። በደስታ ጮህኩ። ሁለተኛው ቀን 2 ሰዓት፦ 760 ብቻ። አንድ ጫማና ብዙ ዓሳ። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ለክቼ ባቆም ኖሮ ዓሳ የዓለም ምርጥ ሥራ ነው ብዬ ቻት ላይ እምል ነበር። ሎተሪ ነው። ጥሩነቱ መብራት ቢሄድ ከአንድ መንጠቆ በላይ አትከስርም።

ኪስ፦ 20,855።

ሐምሌ 14

ከእርሻዬ ሥር ስቆፍር አጽም የሚፈለፍል ስፖነር አግኝቼ ነበር። እንደዚህ ያለው ነገር አንተ 16 ብሎክ ውስጥ ስትሆን ብቻ ነው የሚሠራው። አጽሞቹን በውሃ ወደ ጠባብ ቦታ ገፍቼ እዚያ ቆሜ በሰይፍ መታሁ። በአንድ ሰዓት 290 አጥንት። ሱቁ አንዱን በ2 ይገዛል፤ 580 ማለት ነው። ለዚህማ እንጨት ይሻላል። ሳልሸጠው ሳጥን ውስጥ ዘጋሁበት።

ሐምሌ 15

የእማዬ ጥያቄ ከራሴ አልወጣ አለ። ምን ያደርግበታል?

ዛሬ ምንም አልቆፈርኩም። አደባባዩን ዞርኩ። የሀብታሞቹን ግቢ አየሁ። ቤት ይሠራሉ፣ ድልድይ ይሠራሉ፣ አንዱ ከተማ ሙሉ እየሠራ ነው። የሚሠሩት በምን እንደሆነ ቆሜ ቆጠርኩ። ነጭ ኮንክሪት። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ አጥሩ ነጭ ኮንክሪት። ጨረታ ላይ ስታኩን፣ ማለትም 64ቱን፣ በ450 ይገዙታል። ሲወጣ ወዲያው ያልቃል።

ሰው ለምን ራሱ አይሠራውም? አሰልቺ ስለሆነ ነው። 4 አሸዋ፣ 4 ጠጠር፣ 1 ቀለም ስትቀላቅል 8 የኮንክሪት ዱቄት ይወጣል። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ይደርቃል፤ ከዚያ በዶማ መስበር አለብህ። አንድ በአንድ። ግንበኛ ደግሞ መገንባት ነው የሚወደው።

ነጩ ቀለም ከምን ይሠራል? ከአጥንት ዱቄት። ከአንድ አጥንት 3 ዱቄት፣ ከ3 ዱቄት 3 ቀለም፣ ከ3 ቀለም 24 ኮንክሪት። ሳጥኔ ውስጥ 290 አጥንት ተኝቷል። ቆጠርኩት፦ ከ108 ስታክ በላይ። ሱቁ 580 ሊከፍለኝ የነበረው አጥንት!

ሐምሌ 16

አሸዋና ጠጠር መቆፈር አልፈለግኩም። አዲስ ገቢ ተጫዋቾች ስታኩን በ60 ጨረታ ላይ ይጥሉታል። 40 ስታክ አሸዋ፣ 40 ስታክ ጠጠር ገዛሁ፤ 4,800። ፈጣን ዶማ በ5,000። ኪስ ወደ 11,055 ወረደ። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ የባለፈው ዶማ ትዝ አለኝ።

አሠራሩ ይሄ ነው። ዱቄቱን ትይዝና ኤፍን ስትጫን ወደ ግራ እጅህ ይገባል። ቀኝ እጅህ ላይ ዶማ። ከፊትህ አንድ ብሎክ ባዶ ቦታ ትተዋለህ፣ ከሱ ጀርባ የውሃ ምንጭ ታደርጋለህ። ውሃው ወደ አንተ እንዲፈስ አድርገው፤ ይሄ ትልቁ ብልሃት ነው። የአይጡን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ትጫናለህ። ግራ እጅ ዱቄት ይጥላል፣ ውሃው ያደርቀዋል፣ ዶማው ይሰብረዋል፣ የፈሰሰው ውሃ የተሰበረውን እግርህ ሥር ያመጣልሃል። መጀመሪያ ውሃውን በተቃራኒ አድርጌው ግማሹ ኮንክሪት ወደ ጉድጓድ ሄዶ ነበር፤ ትንሹ ነው ያረመኝ።

አንድ ስታክ በአማካይ 50 ሰከንድ። በመሃል ላግ፣ ማለትም የኔትወርክ መዘግየት፣ ሲመጣ የሰበርከው ብሎክ ተመልሶ ፊትህ ይቆማል። መልሰህ ትሰብረዋለህ። 80 ስታክ፣ ከቅልቅሉና ጨረታ ላይ ከማውጣቱ ጋር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደብኝ። ጆሮዬ ውስጥ የዶማው ድምፅ እስከ እንቅልፌ ተከትሎኛል።

ሐምሌ 19

ቅዳሜ። ቀትር ላይ 15 ስታክ አወጣሁ፣ እያንዳንዱ በ450። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዳታዬም አልቋል። ካርድ ለመግዛት ዝናቡ አላስወጣኝም። ከትንሹ ጋር ዳማ ተጫወትን። ሁለቴ አሸነፈኝ። እማዬ በቆሎ ጠበሰች።

ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ። ስገባ የመጀመሪያው መልእክት፦ ዕቃህ ተሽጧል። ሁለተኛውም። 15ቱም ተሽጧል። ከቆረጣው በኋላ 6,412።

እኔ ዳማ ስሸነፍ ነው የተሸጠው።

ደብተሬን አወጣሁ። መብራት ቢሄድስ የሚለው ዓምድ ላይ ለእንጨት፣ ለዳይመንድ፣ ለሸንኮራ፣ ለአጽም የጻፍኩት ቃል አንድ ነው፦ ይቆማል። ዳይመንድ ላይ ብቻ «ይገድላል» ብዬ ጨምሬያለሁ። ኮንክሪት ላይ ግን መሥራቱ እንጂ መሸጡ አይቆምም። አንዴ ካወጣሁት ጨረታው የኔን ላፕቶፕ አይጠብቅም። ቀኑን ሙሉ ኦንላይን መቀመጥ የሚችል ልጅ ይሄንን ልዩነት ላያየው ይችላል። ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ልዩነት ይሄ ነው።

አወጣጡም ዘዴ አለው። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሰርቨሩ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ግንበኛው ብዙ ነው። ሰኞ ጭር ይላል።

ሐምሌ 21

ሰኞ ጭር ሲል ደግሞ ምን ይሆናል? ቅዳሜና እሑድ አሸዋ ሲቆፍር የከረመ አዲስ ገቢ ሁሉ ያልተሸጠለትን በርካሽ ይጥላል። ስታኩ 45 ገብቷል። 83 አሸዋ፣ 83 ጠጠር ገዛሁ፤ 7,470። ስፖነሩ ጋ አንድ ሰዓት ቆሜ 280 አጥንት ጨመርኩ።

እማዬ ከገበያ ስትመለስ እግሯ ጭቃ በጭቃ ነው። ጤፍና ማሽላ ተወዷል አለች፤ ሐምሌ ነው፣ አዲሱ እህል ገና ነው። እሷ በታኅሣሥ ገዝታ ያስቀመጠችውን ነው አሁን የምታወጣው። አሸዋ ገዝቼ እንዳስቀመጥኩ ነገርኳት። «አሸዋ?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። «ይቺን ልጅማ ባቲ ለአጎቱ እንላክለት» አለች። አጎቴ ባቲ ገበያ የከብት ደላላ ነው። እኔን «ይቺ» የምትለኝ ደስ ሲላት ብቻ ነው።

ሐምሌ 22

የመጀመሪያው 80 ስታክ አለቀ። በጠቅላላ የገባው 34,200። የአሸዋና ጠጠሩን 4,800 ስቀንስ 29,400 ተረፈ። በሐቅ ለመቁጠር አጥንት የሰበሰብኩበትን ሰዓትም ልጨምር፤ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በሰዓት 11,760። ዳይመንድ በተራ ዶማ 1,085 ነበር። ዶማውን የገዛሁበትን 5,000 አላሰብኩም፤ ገና አላረጀም።

ሐምሌ 25

የፈራሁት ደረሰ። ሰው ነቄ ብሏል። ጨረታው ላይ ነጭ ኮንክሪት ብቻ ነው የሚታየው። 15 ስታክ በ380 ሸጥኩ። ቀጣዩን 15 በ300። ዛሬ 15ቱን በ220 ገፋሁት። ሦስቱ ተደምሮ ከቆረጣው በኋላ 12,825። በ220ም ቢሆን ከዳይመንድ ይሻላል፤ ግን አዝማሚያው ሸንኮራን ያስታውሰኛል።

ኪስ፦ 50,610። ግማሽ መንገድ።

ሐምሌ 26

ከተማ የሚሠራውን ሰውዬ በግል ጻፍኩለት። እንግሊዝኛዬ የካምፓስ ነው፣ የሱም ከኔ ብዙ አይሻልም። ነጭ ከፈለገ ጨረታው ሙሉ እንደሆነ አውቃለሁ አልኩት። ግን ግራጫ ማንም አያወጣም። መንገዶቹን በምን ሊያነጥፍ ነው?

ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሰ። 60 ስታክ ነጭ፣ 30 ስታክ ፈካ ያለ ግራጫ፣ 30 ስታክ ግራጫ። በሙሉ በ400። 48,000! ነጩን ከጨረታው በርካሽ ሊያገኘው ይችል ነበር፤ እሱ ግን 60 ጊዜ መጫን አልፈለገም፣ ሁሉንም አንድ ላይ ከአንድ ሰው ነው የፈለገው። ግማሹን ቀብድ ጠየቅኩ፣ 24,000። ሰርቨሩ ላይ ዕቃ ተቀብሎ የሚጠፋ ሽወዳ ብዙ ነው። ያለ ምንም ክርክር ላከ።

ሐምሌ 27

ግራጫ ለመሥራት ጥቁር ቀለም ያስፈልጋል። ጥቁሩ ከስኩዊድ ቀለም ከረጢት ይወጣል። ጥቁርና ነጭ አንድ ለአንድ ግራጫ ይሆናል፤ አንድ ጥቁር በሁለት ነጭ ደግሞ ፈካ ያለውን ይሰጣል። ሒሳቡን ስሠራ 200 ጥቁር ወጣ። አንድ ስኩዊድ ከ1 እስከ 3 ከረጢት ይጥላል፤ ወደ 100 ስኩዊድ መግደል ማለት ነው።

ትንሹን ቀጠርኩት። 1,000 አልኩት። «2,000» አለ። የማን ልጅ እንደሆነ ያስታውቃል። በ2,000 ተስማማን። ቀኑን ሙሉ ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ ዋለ። እኔ 18 አጥንት አንሶኝ ስፖነሩ ጋ ተመለስኩ፣ ከዚያ ኮንክሪት ማድረቅ። 120 ስታክ። በመሃል መብራት ሁለቴ ሄደ፤ ዱቄቱ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ያጣሁት ነገር የለም። ስመለስ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

ሐምሌ 28

አስረከብኩ። ሰውዬው ቆጠረ። አንድ ስታክ አጉድዬ ኖሮ ሮጬ አመጣሁ። ቀሪውን 24,000 ላከ። በግል ስለተከፈለ የጨረታው 5 በመቶ አልነካውም። የትንሹን 2,000 ከፈልኩ። ኪስ፦ 96,610።

3,390 ጎደለኝ።

ጨረታው ላይ ነጭ ኮንክሪት 180 ገብቷል። አሸዋዬ አልቋል። ሸንኮራዬን ሁሉ ባጭድ 640 ነው። ትንሹ ከጀርባዬ ቆሞ ደብተሩን ሲያነብ ነበር።

«እኔ ጋ 4,100 አለኝ» አለ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ዞምቢ እየገደልኩ። ሁለት ሺውን ደግሞ አንተ ነህ የከፈልከኝ።»

3,390 አበደረኝ። ቅድመ ሁኔታው ሁለት ነው፦ የሱቁ ምልክት ላይ የሱ ስም ከላይ ይጻፋል፣ ሁለተኛ ትንሹ እያልኩ አልጠራውም። የመጀመሪያውን እሺ አልኩ። ከማታው 3 ሰዓት ከ40 ላይ ቦታውን ገዛን። 9 በ9 ነው፣ ከአደባባዩ ሁለተኛው ረድፍ። ጎረቤታችን ችቦ የሚሸጥ ልጅ ነው። ምልክቱን ትንሹ ራሱ ተከለው። ግድግዳውን በምን እንደምንሠራ እየተከራከርን ነው፤ እሱ ነጭ ኮንክሪት ይላል፣ እኔ አሁን አንድ ብሎክ እንኳ ማድረቅ አልችልም።